በር ላይ የቀረው ድምፅ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 13 ቀን 1970

ትናንት ሙሉአለምን ወሰዱት። የሆነውን በቅደም ተከተል ልጻፈው። ተጽፎ ሳየው ይገባኝ ይሆናል።

የኅዳር ሚካኤል ጠዋት ነው። እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ እኔም ቆሻሻውን ከበሩ ውጪ ከምሬ ለኮስኩት። ጭሱ መንገዱን ሸፍኖት ነበር፤ ፊት ለፊት ያለው የሲስተር ፀሐይነሽ አጥር እንኳ አይታይም። ከጭሱ ውስጥ የአብዮት ጥበቃ ሰዎች ወጡ። ከመካከላቸው የማውቀው ሱልጣንን ብቻ ነው፤ ባለፈው ክረምት ቧንቧችንን የጠገነልን እሱ ነው። መሪያቸው ስሜን አልጠየቀኝም። «የሚስትህ ወንድም ሐሙስ ማታ የት ነበር?» አለኝ። ሐሙስ ማታ የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ መንግሥትን የሚቃወም ወረቀት ተለጥፎ አድሯል።

ሐሙስ ማታ ሙሉአለም ከእኔ ጋር ነበር። እዚሁ ቤት፣ ምግብ ጠረጴዛው ላይ፣ ከመሸበት ሰዓት ጀምሮ እስከ ሰዓት እላፊ። ሚስቴ ተናኜ አክስቷ ቤት ለልቅሶ ሄዳ ስለነበር ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

አልተናገርኩም።

ዝም ልበል ብዬ አልወሰንኩም። አፌን ከፍቼ ነበር። ምላሴ የሌላ ሰው ሆነብኝ። እጄ መጥረጊያውን እንደያዘ ቀረ። የሚናገሩት ከጉድጓድ ውስጥ የሚወጣ ይመስል ነበር። ሙሉአለምን ከሰርቪስ ቤቱ አውጥተው በአጠገቤ ሲያሳልፉት፣ «ጋሼ፣ ይንገሯቸው እንጂ» አለኝ። በቁጣ አይደለም፤ የረሳሁትን እንደሚያስታውሰኝ ሰው ነው።

ተናኜ እየሮጠች ስትወጣ እሳቱን እያየሁ ቆሜ እንደነበር ነገረችኝ። መኪናው ሲሄድ አላስታውስም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 14

ሥራ ገባሁ። ማንም ምንም አላለም። እጄ ቀዝቃዛ ነው፤ ከቀዝቃዛው በቀር ደህና ነኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 16

ደህና አይደለሁም መሰለኝ። የእኛ የጽሑፍ እርማት ሥራ ጥንድ ይፈልጋል። አንዱ የጸሐፊውን ወረቀት ጮክ ብሎ ያነባል፤ ነጠላ ሰረዙንም አራት ነጥቡንም በቃሉ ይጠራል። ሌላው ፕሩፉን፣ ለእርማት የታተመውን ወረቀት፣ በጣቱ እየተከተለ ያርማል፤ ዓረፍተ ነገሩ ትክክል ከሆነ «ቀጥል» ይላል። ዛሬ የማነበው እኔ ነበርኩ፣ የምታርመው እትዬ የሺመቤት። ስለ ስኳር ፋብሪካ የተጻፈ ዜና ነው። ሁለተኛው መስመር ላይ ከኮሪደሩ የብረት በር ሲዘጋ ተሰማ፤ ድምፄም አብሮ ተዘጋ። ቃሉን አየዋለሁ። ምን እንደሚል አውቃለሁ። አይወጣም።

እትዬ የሺ ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ፣ «ዛሬ እኔ ላንብብ፤ አንተ ዓይንህን አሠራ» አለች።

ተናኜ በየቀኑ ቀበሌው እስር ቤት ስንቅ ትወስዳለች። ሳህኑ ባዶ ሆኖ ሲመለስ ታጥበዋለች፤ አጥባ ሳትጨርስ ትቆማለች፤ እንደገና ታጥበዋለች። ዛሬ ከጓዳ ለአክስቷ ስትነግር ሰማኋት፦ «ወንድሜን በር ላይ አስረከበው። አንድ ቃል እኮ ነው።»

እሑድ፣ ኅዳር 18

ሁሉም ተኝቷል። የሐሙሱን ምሽት በትክክል ላስታውስ።

ለግብርና መጽሔት የሚወጣ የባቄላ በሽታ ጽሑፍ ፕሩፉን ይዤ መጥቼ ነበር። የጸሐፊውን የእጅ ጽሑፍ ከእኔ በቀር የሚያነበው ስለሌለ እኔ ሳነብ ሙሉአለም አረመ። አስተማሪ ነው፤ ዓይኑ ስህተት አያልፍም። መጀመሪያ «ይቀጥሉ ጋሼ» እያለ ያስቸግረኝ ነበር። «ሥራ ላይ አንቱታ የለም፤ መስመር ያስረዝማል» ስለው ሳቀና፣ «ቀጥል!» ብሎ እንደ አለቃ አዘዘኝ። ምሽቱን ሙሉ እንዲሁ አዘዘኝ። ደስ ብሎን ነበር።

ደስ ብሎን ነበር ብዬ ጻፍኩ። ግን ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት በሬዲዮው ድምፅ ተጣልተናል። «ይህ ቤት የኔ ነው» ብዬዋለሁ። ተናኜ ይህን ቃል ሰምታለች። ምናልባት ዝምታዬን ከዚያ ቃል ጋር ታገናኘው ይሆናል። እኔም ላገናኘው ሞከርኩ። በውስጤ ያለ አንድ ሰው እሱ እንዲወሰድ ፈልጎ ነበር ወይ? ፈልጌ ፈልጌ አጣሁት። ማጣቴ ግን አለመኖሩን አያረጋግጥም።

ጭሱ ይሆናል። ጭሱ አፍኖኝ ይሆናል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 20

ቀበሌ ሄድኩ። ለሊቀመንበሩ ለጓድ ወልደጻድቅ በንጹሕ ወረቀት፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ፣ የምሽቱን ነገር ከነሰዓቱ ጽፌ አቀረብኩ። ሳያነበው መለሰልኝ። ወረቀት ማንም ይጽፋል፤ የሚታመነው በሕዝብ ፊት ቆሞ የሚናገር ነው ብሎኛል። ጉዳዩ እሑድ በስብሰባ ይታያል።

ስወጣ ሱልጣን በሩ ላይ ነበር። መሣሪያውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረና፣ «ጋሽ ረታ፣ የዚያን ቀን ትንሽ ቃል ቢወረውሩ እኮ እኔም እደግፍ ነበር» አለኝ። ምን ልበለው? እሱም ዝም ብሎ ነበር።

ለቢሮው አውቶቡስ ዘግይቻለሁ። ወደ መገናኛ በሚያወጣው የገርጂ አቋራጭ ብሄድ እደርስ ነበር፤ ግን ከግንቦት ጀምሮ ትቼዋለሁ። ጭቃ ይበዛበታል።

ዓርብ፣ ኅዳር 23

ግዙፍ አውሮፕላኖች ሌሊት ሌሊት ያርፋሉ። መስኮቱ ይንዘፈዘፋል። ተናኜ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች። እሑድ ምን እንደምል አጥንቻለሁ። አጭር ነው።

እሑድ፣ ኅዳር 25

እንደገና ሆነ።

ስብሰባው በተወረሰው ቪላ ጋራዥ ውስጥ ነበር። ሙሉአለም ፀጉሩን ተላጭቶ ከፊት ቆሟል፤ አንገቱ ቀጥኗል። ስሜ ሲጠራ ተነሣሁ። መናገር ያለብኝን አውቃለሁ። ከጋራዡ ኋላ ቅጠል የሚያቃጥል ሰው ነበር። ሽታው ሲደርሰኝ ጉልበቴ ቀዘቀዘ፤ የጋራዡ ሰው ሁሉ ራቀ፤ እኔ ከራሴ በስተኋላ የቆምኩ ያህል ሆነ።

«ጓድ ረታ፣ ታውቀዋለህ ወይስ አታውቀውም?» አለ ወልደጻድቅ።

ከኋላ አንድ ሰው፣ «ምላሱን ቤት ረስቶት ነው፤ ሰው ላኩለት» አለ። ተሳቀ።

ወልደጻድቅ ምስክር እንዳልቀረበ ተናግሮ ወደ ሌላው አለፈ። ስንወጣ ተናኜ በመንገዱ ማዶ ሄደች።

ሰኞ፣ ኅዳር 26

ምንም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 29

ሲስተር ፀሐይነሽ ከሆስፒታል ስትመለስ በራችን ላይ አገኘችኝ። ቁልፉን ይዤ ቆሜ ነበር። «ቆዩ እንዴ?» አለችኝ። አሁን መምጣቴ ነው አልኳት። ወደ እጄ አየች፤ ከቁልፉ ጋር የያዝኩት ጋዜጣ በጠል ረጥቧል፤ ለካ ብዙ ሰዓት ቆሜያለሁ። ይግቡ ብላ ቤቷ አስገባችኝ።

በጋራዡ የሆነውን ሰምታለች፤ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ፈሪ መሆኔን ልነግራት ጀመርኩ። አስቆመችኝ።

«ጭልፊት ሲያንዣብብ ጫጩት ምን ትሆናለች?»

«ትሮጣለች።»

«መሮጫ ካጣችስ?»

ራሷ መለሰችው።

«መሬት ላይ ተለጥፋ ትቀራለች። የሞተች ይመስላል። ስለፈራች ብቻ አይደለም፤ መታገልም መሸሽም እንደማያዋጣ ሰውነቷ አውቆ ነው። የእርስዎም ሰውነት እርስዎን ሳያማክር ነው የወሰነው።»

ከምሥራቅ ግንባር ስለሚመጡ ወታደሮች ነገረችኝ። ጥይት ያልነካቸው፣ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ግድግዳ የሚያዩ አሉ። መጀመሪያ አለቆቻቸው መጥተው ይጮሁባቸው ነበር፤ ጩኸቱ ይበልጥ ያርቃቸዋል አለች። ምን ይሻላል አልኳት። ሲመጣ አይታገሉት፤ እግርዎ መሬት መርገጡን ይፈልጉ፤ የሚያዩትን ነገር በስሙ ይጥሩ፤ ሲተነፍሱ የሚወጣውን አየር ያርዝሙት አለች። መንቀጥቀጥ ከመጣም አያፍኑት ብላለች።

ይህ ገረመኝ። የኅዳር ሚካኤል ዕለት ማታ መላ ሰውነቴ ሲንዘፈዘፍ ተናኜ እንዳታይ ጥርሴን ነክሼ አቁሜው ነበር።

«ታዲያ መድኃኒቱ ይህ ነው?»

«መድኃኒት አላልኩም። ብቻዎን አይሁኑ ደግሞ። ብቻውን የሚድን አላየሁም።»

ልወጣ ስል፣ ከዚያ ቀን በፊት እንዲህ ሆኜ አውቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 3

ተናኜ አናገረችኝ። ቀልብህ ተገፏል፣ ጠበል ተጠመቅ ትለኛለች። ከዝምታ ይሻላል ብዬ እሺ አልኩ። ጠዋት ሄድኩ። ውሃው በጣም ይቀዘቅዛል፤ ጮህኩ። ድምፅ ወጣኝ። ካህኑ ሰይጣኑ እንደጮኸ ተናገሩ። እኔ ነኝ የጮህኩት ልላቸው ነበር፤ ተውኩት። ማን እንደጮኸ እርግጠኛ አይደለሁም።

እግሬን መሬት ላይ ስፈልግ ዋልኩ። አንዳንዴ አገኘዋለሁ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 6

እትዬ የሺመቤት ዛሬ ምክንያት ሳትነግረኝ ቦታ አቀያየረች። መስኮት አጠገብ አስቆመችኝ። የሚነበበው የአየር ሁኔታ ነው፤ ሁለት መስመር። «ስታቆም አቁም። እኔ የትም አልሄድም፤ ጡረታዬ ገና ነው» አለች።

«በመካከለኛው የአገሪቱ ክፍል ነጠላ ሰረዝ» ብዬ ቆምኩ። እሷ ጣቷን ሰረዙ ላይ አኑራ መስኮቱን አየች። ከታች አንድ ሰው በግ ይጎትታል። በግ፣ ሰው፣ ገመድ እያልኩ በልቤ ጠራሁ። «ፀሐያማ ሆኖ ይውላል አራት ነጥብ» አልኩ።

«ቀጥል።»

እጄ ተንቀጠቀጠ። አላፈንኩትም። እትዬ የሺ ወረቀቱ ሲርገበገብ አየች፤ «ሲያርገበግብህ ታነባለህ፤ መድረቁ ነው ክፉው» አለች። ባሏ ከሞተ በኋላ እሷም እንዲህ እንደነበረች ለመጀመሪያ ጊዜ ነገረችኝ። አብረን የሠራነው ስንት ዘመን ነው?

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 8

ጭቃ የለበትም። የገርጂው አቋራጭ በኅዳርም በታኅሣሥም ደረቅ ነው።

በግንቦት አንድ ማለዳ በዚያ መንገድ ወደ ሥራ ስሄድ ከቦዩ ዳር ሦስት ልጆች ተኝተው አየሁ። ተኝተው አልነበረም። ደረታቸው ላይ ወረቀት ነበር። የአንዷ ጫማ የትምህርት ቤት ጫማ ነው፤ ማሰሪያው በደንብ ታስሯል፣ በእናት እጅ እንደሚታሰር። ወረቀቱን አነበብኩ። አንድ ፊደል ተሳስቷል። ዓይኔ እዚያ ላይ ቆመ። ሌላውን ሁሉ ትቶ ያንን ፊደል በልቡ አረመ፤ ደግሞ አረመ። ለምን ያህል ጊዜ እንደቆምኩ አላውቅም። አንድ ሰው «ሂድ፣ ሂድ፣ አትቁም» ብሎ ገፋኝ። ሄድኩ። ቢሮ ገባሁ፣ ሙሉ ቀን ሠራሁ፣ ስህተት አልነበረብኝም። ለማንም አልተናገርኩም። ተናኜ እንኳ አታውቅም።

አጠገባቸው የሆነ ሰው ቆሻሻ አቃጥሎ ነበር። አሁን ስጽፈው ነው ያስታወስኩት።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 9

ለተናኜ ነገርኳት። በቀን፣ ግቢ ውስጥ፣ ልብስ ስታሰጣ። ሳታቋርጠኝ ሰማች። «ከግንቦት ጀምሮ?» አለች። አዎ አልኳት። «ታዲያ እኔ ከማን ጋር ነው የኖርኩት?» አለችና እርጥብ አንሶላውን ያዝልኝ ብላ አንዱን ጫፍ ሰጠችኝ። አብረን ጨመቅነው። ይቅር እንዳለችኝ አላውቅም። አልጠየቅኋትም።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 12

ሱልጣን ለተናኜ በሹክሹክታ ነግሯታል፦ ምስክር ያላገኙት ከመጪው እሑድ በኋላ ወደ ከፍተኛው እስር ቤት ይዛወራሉ። ከከፍተኛ ሳህን ባዶ ሆኖ አይመለስም፤ ሞልቶ ነው የሚመለሰው። ወልደጻድቅ ሄጄ ስለምነው አንድ ጊዜ ብቻ ሊሰማኝ ፈቅዷል።

ቢሮ። ስለ እግር ኳስ አነበብኩ። ግማሽ ዓምድ። ሁለት ቦታ ቆምኩ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 15

ዛሬ በገርጂ በኩል ሄድኩ። ከእትዬ የሺ ጋር። ቦዩ ዳር አልቆምንም። ሳር በቅሏል። ላብ አጠመቀኝ። እሷ መንገዱን ሙሉ የሽንኩርት ዋጋ ስታማርር መጣች።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 16

ጋራዡ እንደ በፊቱ ነው። ተናኜ ዛሬ ከጎኔ ተቀመጠች።

ስሜ ሲጠራ ተነሣሁ። መጣብኝ። ከጉልበቴ ጀምሮ ሲወጣ አወቅሁት፤ ይህ አዲስ ነው፣ ማወቄ። እግሬን ፈለግሁ፤ ሲሚንቶውን አገኘሁ። ወንበር፣ ባንዲራ፣ አምፖል እያልኩ ጠራሁ። አየሩን አስረዘምኩ። ድምፁ ግን የለም። ወልደጻድቅ እስክሪብቶውን አነሣ። ከኋላ መሳቅ ጀመሩ። ተናኜ የኮቴን ጫፍ ያዘች።

ያኔ ሙሉአለም ከቆመበት ሆኖ፣ ወደ እኔ ሳይዞር፣ «ቀጥል» አለ።

ድምፁ ደክሟል፤ ቃናው ግን ያ የምሽቱ ቃና ነው። ጠባቂው «ዝም በል» ብሎ በክርኑ መታው። እኔ ግን ጀምሬ ነበር።

«ሐሙስ ነጠላ ሰረዝ ኅዳር ስምንት ቀን ነጠላ ሰረዝ ሙሉአለም ከመሸ ጀምሮ እስከ ሰዓት እላፊ ከእኔ ጋር ቤቴ ነበር አራት ነጥብ።»

ጋራዡ በሳቅ ፈረሰ። እኔ የተናገርኩትን የሰማሁት ሲስቁ ነው። ወልደጻድቅ ሰክሬ እንደሆነ ጠየቀኝ። አይደለም፣ ሥራዬ ነው አልኩት፤ እንዲህ ነው የምናነበው። ያን ምሽት ምን ታነቡ ነበር አለ። ስለ ባቄላ በሽታ አልኩት። በል አንብበው አለኝ፤ በቃሌ ጀመርኩ። «የባቄላ ቅጠል ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ሲታይ ነጠላ ሰረዝ ገበሬው በሽታውን ከውርጭ ጉዳት ለይቶ ማወቅ አለበት አራት ነጥብ።»

ወልደጻድቅ እጁን አንሥቶ አስቆመኝ። ወደ ሙሉአለም ዞሮ፣ ከዚያስ ምን ይላል አለው። ሙሉአለም ዓይኑን ጨፈነ። «ውርጭ ሜዳውን በአንድ ሌሊት ይመታል ነጠላ ሰረዝ በሽታው ግን ከአንድ ጥግ ጀምሮ ይስፋፋል አራት ነጥብ» አለ። አንድም ቃል አልሳተም።

ከኋላ ያው ሰው፣ «እሰይ፣ ባቄላም ምስክር አገኘ» አለ። በዚህኛው ሳቅ ወልደጻድቅም ፈገግ አለ። ይታያል ብሎ መዝግቦ ዘጋው።

ስንወጣ ጉልበቴ እስክቀመጥ ድረስ ተንቀጠቀጠ። የድንጋይ አጥሩ ላይ ተቀመጥኩ። ተናኜ እስኪያልፍ አጠገቤ ቆመች።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 18

ይታያል ማለት ምን ማለት ነው? ሳህኑ ባዶ ተመልሷል።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 20

ለቀቁት። ሱልጣን በር ድረስ አድርሶት ሄደ። ተናኜ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። እሱ እጁን ወደ ጎኑ አውርዶ ቆመ። በሩ ክፍት ነው፤ ግን እስኪነግሩት አልገባም።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 24

ሙሉአለም ሰርቪስ ቤቱ አልጋ ላይ ተቀምጦ ግድግዳ ያያል። ሲያበሉት ይበላል። በር ሲከፈት ይነሣና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቆማል። ተናኜ ትጮህበታለች፦ «ወጥተሃል እኮ፣ ቤትህ ነህ እኮ!» ከዚያ ጓዳ ገብታ ታለቅሳለች። ጩኸቱ ይበልጥ እንደሚያርቀው ነገርኳት። እንዴት አወቅህ አላለችኝም።

ምን እንዳየ፣ ምን እንዳደረጉት አልጠይቀውም። ሲስተር ፀሐይነሽ መጥታ ነበር። ጊዜ ስጡት፣ ብቻውን አትተዉት አለች። ያ ጊዜ ምን ያህል እንደሆነ እሷም አታውቅም። አገግሞ ይመለሳል ወይ ብዬ ስጠይቃት ጫማዋን አየች።

እኔም ገና ነኝ። ትናንት የውሃ ባልዲ ሲወድቅ ለረጅም ጊዜ ቆሜ ቀረሁ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 30

የባቄላው ጽሑፍ ሁለተኛ ክፍል ፕሩፍ ወጥቷል። ይዤው መጣሁ። ከሰዓት በኋላ ሰርቪስ ቤቱ በር ላይ፣ ፀሐይ በሚያገኘን ቦታ፣ ሁለት ወንበር አስቀመጥኩ። ፕሩፉን ጭኑ ላይ አኖርኩለት። አላየውም። የጸሐፊውን ወረቀት ይዤ ማንበብ ጀመርኩ።

«በበሽታው የተጠቃ ማሳ ነጠላ ሰረዝ በቀጣዩ ዓመት ሌላ ሰብል ሊዘራበት ይገባል አራት ነጥብ።»

ቆምኩ። ጠበቅሁ። አውሮፕላን በላያችን አልፎ አረፈ። ተናኜ ከጓዳ ብቅ ብላ ልትናገር ስትል በእጄ ምልክት ሰጠኋት፤ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ያንኑ ዓረፍተ ነገር ደገምኩት። ጥላው የወንበሮቹን እግር አልፎ ሄደ። ድምፄ ሁለት ጊዜ ተሰበረ፤ እንደተሰበረ አነበብኩት። ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ አላውቅም፤ «አራት ነጥብ» አልኩ።

ሙሉአለም ጣቱን አነሣ። ፕሩፉ ላይ አሳረፈው፤ በመስመሩ ላይ በቀስታ ሄዶ ነጥቡ ላይ ቆመ። ጣቱ ይንቀጠቀጣል።

«ቀጥል» አለኝ።

ቀጠልኩ።